ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ

ተከላካዩን የሰደበው የቡድኑ አምበል ነው። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል፣ ቦታው ተጫዋቾቹ ልብስ የሚቀይሩበት የጡብ ፋብሪካው ማድረቂያ መጋዘን ነበር። ጨዋታውን ሁለት ለአንድ አሸንፈው ስለገቡ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ስድብ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚስቅበት ቤት ውስጥ ሲሰደቡት ይብሳል። አምበሉ በላብ የራሰ ማሊያውን ሳያወልቅ መጥቶ ፊቱ ተገተረና፣

“እኔ ወደ ፊት ስሄድ ኋላዬ ባዶ መሆኑን አላየህም? ነው አይተህ ዝም አልክ? ይሄ ሰውዬ ከአንገቱ በላይ ሸክላ ነው!” አለ።

ተሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል ይቆጥራቸዋል። መጀመሪያ የፋብሪካው መዛኝ ሳቀ፣ ቀጥሎ የምድጃው ፎርማን፣ ከዚያ ሁለቱ የክንፍ ተጫዋቾች። የገዛ እህቱ ባል እንኳ አፉን በመዳፉ ከድኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቶታል። ያልሳቀው በረኛው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከንፈሩ ተሰንጥቆ ስለነበር ነው።

ለዋንጫው ጨዋታ የእሱ ማሊያ ለመዛኙ ተሰጠ። ዋንጫውም መጣ። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቁን ተከናንቦ አሥራ አንዱን አነሳቸው፤ ፎቶውም በመስተዋት ተደርጎ በፋብሪካው በር ላይ ተሰቀለ። እሱ በየማለዳው የጡብ ጋሪ እየገፋ በሥሩ ያልፋል። በዓመቱ ወደ ቡድኑ መለሱት። ከዚያ ወዲያ አምበሉ ቦታውን ለቆ ወደ ፊት በሮጠ ቁጥር እሱ ሳይጠሩት፣ ሳይነግሩት ሄዶ ክፍተቱን ይዘጋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ዘጋ። “ግንቡ” የሚለውም ስም የወጣለት በዚያ ነው። አንድም ቀን ግን “ጎበዝ” ያለው አልነበረም።

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር አልፎታል። ዛሬ ግንቡ ጭቃውን እየረገጠ፣ የአሥር አለቃነቱን ሁለት መስመር በክንዱ ላይ ለጥፎ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ይገሰግሳል። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹ ከተበተኑ ወዲህ የጦሩ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ከጎኑ በረኛው አለ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ አሁን ቃሬዛ ተሸካሚ የሆነ፣ ሲራመድ እንኳ ሁለት እጁን ከሰውነቱ ራቅ አድርጎ የሚይዝ ሰው ነው።

“ቀስ በል እንጂ” አለ በረኛው። “ምርመራ እንጂ ሠርግ አልጠሩህ።”

“ጋሼ፣ ለእህቴ የሚላከውን ደብዳቤ ጽፈህልኛል?”

“‘ለተከበርሽ እህቴ’ ብዬ ቆሜያለሁ። ከዚያ በታች ምን ልበላት? እነዚያ ሰዎች ዛሬ ምን እንደሚሉ ሳላውቅ?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ፋብሪካው ቡድኑን እንዳለ አስመዘገበ። አምበሉ የሥራ አስኪያጁ ልጅ ነው፤ ትምህርትም ስለነበረው ሻምበል ተደረገ። “አንድ ሻ ጨመሩለት እንጂ ሰውዬው ያው ነው” ይል ነበር በረኛው። የቀሩት ተራ ወታደር ሆነው ገቡ፤ ግንቡ ኋላ አሥር አለቃ ተደረገ። ግንቡና ፌንጣ አንድ መትረየስ ተሰጣቸው። ፌንጣ የሚሉት የእህቱን ባል ነው፤ አጭር ሆኖ በጭንቅላት ኳስ ረጃጅሞቹን ሁሉ ስለሚበልጣቸው። ፌንጣ ይተኩሳል፤ ግንቡ ዝናር ያጎርሳል፣ የጥይት ሣጥን ይሸከማል።

ባለፈው ሐሙስ ድልድዩን የሚጠብቀው የእነሱ ጦር ነበር። መሐል ላይ የድንጋይ ካብ አለ፤ ካቡ ደግሞ ጋሪ የሚያሳልፍ አንድ መግቢያ አለው። መግቢያውን ሻምበሉ ራሱ ከአራት ሰዎች ጋር ያዘ። በግራ በኩል፣ ሠላሳ እርምጃ ወደ ፊት፣ ወፍጮ ቤት ነበር። የእነግንቡ መትረየስ እዚያ ተጠመደ። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ማንም ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል።

ጠላት ረፋዱ ላይ መጣ። ሁለት ዝናር ከጨረሱ በኋላ ግንቡ ቀና ሲል መግቢያው ላይ ሻምበሉ የለም። ከአራቱ ሁለቱ ወድቀዋል፤ ሁለቱ ይሽሎከሎካሉ። ባዶ! ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሲጠይቁት ማስረዳት ይቸግረዋል። አላሰበም። “ያዝ!” ብሎ ለፌንጣ ጮኸና ጠመንጃውን አንስቶ ሮጠ። እግሩ ነው የወሰደው፤ ሰባት ዓመት በየእሑዱ የወሰደው ያው እግር። መግቢያውን ከሁለቱ ልጆች ጋር ሆኖ አንድ ሰዓት ሙሉ ያዘ። በመግቢያው በኩል አንድም ጠላት አላለፈም።

ያለፉት በወፍጮ ቤቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቦታውን መልሰው ሲይዙ ፌንጣን ያነሳው በረኛው ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከመትረየሱ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ወገን አዙሮ ወድቋል። መትረየሱንም ሣጥኑንም ጠላት ወስዶታል። ሻምበሉ በማግስቱ ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱ “ተኳሹ መሣሪያውን ጥሎ ሲሸሽ ተመትቶ ሞተ፤ ወፍጮ ቤቱም በዚህ ምክንያት ተያዘ” ይላል። በፋብሪካው ደንብ ደግሞ የከዳ ወታደር ቤተሰብ የሠራተኛ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። የግንቡ እህት ከሁለት ልጆቿ ጋር ያለችው በዚያ ቤት ነው። ደንቡ ባለፈው ወር በአንዷ የወታደር ሚስት ላይ መፈጸሙን ሰምተዋል፤ አልጋዋን እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት እንድታወጣ ነው የነገሯት።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ሻምበሉ ከጓሮው በኩል ብቅ አለ። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ሽጉጡ ከወገቡ ላይ፣ ጓንቱ ከቀበቶው ሥር ነው።

“አሥር አለቃ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ” አለ። በረኛውን አየት አድርጎት፣ “ብቻህን።”

በረኛው እጆቹን እንዳራቀ ወደ አጥሩ ሄደ።

ሻምበሉ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። “ማንበብ ትችላለህ አይደል?”

“ቀስ ብዬ ከሆነ እችላለሁ ጌታዬ።”

“እንግዲያው እኔ ላንብብልህ፤ እንዳይመሽብን። ‘አሥር አለቃው በሻምበሉ ትእዛዝ ወደ መግቢያው ተዛውሮ፣ በብርቱ ጀግንነት ሲከላከል ውሏል፤ ሜዳሊያ ይገባዋል።’ ስምህ በሙሉ ተጽፏል፤ ከነአባትህ። የጦሩ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ፎቶ ያነሱሃል።”

ግንቡ ወረቀቱን አየው። ስሙ እውነትም አለ። ሻምበሉ በእጁ ጽፎታል፤ ሽቅብ የሚሄድ የትምህርት ቤት ጽሑፍ። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ ሲለው ተሰማው፤ ስለ ሙቀቱም ራሱን ጠላ።

“ትእዛዝ ግን አልሰጡኝም ጌታዬ።”

“ሰጥቼሃለሁ። በዚያ ጫጫታ አልሰማኸኝም ይሆናል።” ሻምበሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስማኝማ፤ እኔን ተወኝ፤ ያለ ትእዛዝ ቦታ መልቀቅ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ። ያንን ወረቀት ለአንተ ነው የጻፍኩት።”

“ፌንጣስ?”

“ፌንጣ ሞቷል። ነፍሱን ይማር። ሙት ምን ይጎዳዋል?”

“ሚስቱ አልሞተችም።”

“ለአባቴ እጽፋለሁ። ሌላ ቤት ይፈለጋል። አንተ ብቻ ውስጥ ገብተህ ‘አዎ’ በል። አንድ ቃል ናት። ‘አዎ’ ማለት አያቅትህም መቼም።”

በሩ ተከፍቶ ጸሐፊው ስም ጠራ።

መርማሪዎቹ ሦስት ናቸው። የመማሪያ ክፍሉ አግዳሚዎች ለልጆች የተሠሩ ስለሆኑ መኮንኖቹ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሷል። መሐል የተቀመጡት ኮሎኔል ጉንፋን ይዟቸዋል፤ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መሐረብ ያወጣሉ። በቀኛቸው ዝም የሚል መኮንን፣ በግራቸው አንድ የመሐንዲስ ሻለቃ አለ። ጸሐፊው ብዕሩን በቀለሙ እየነከረ ጥግ ይዟል። ሻምበሉ ከመስኮቱ ሥር እንዲቀመጥ ወንበር ተሰጠው። ግንቡ ቆመ።

“አሥር አለቃ” አሉ ኮሎኔሉ፣ “ጠላት ሲመጣ የት ነበርክ?”

“መጀመሪያ ወፍጮ ቤት፣ ኋላ የካቡ መግቢያ ላይ፣ ጌታዬ።”

“የተዛወርከው በሻምበሉ ትእዛዝ ነው?”

አንድ ቃል ናት። ጸሐፊው ቃሏን ሊጽፍ ብዕሩን ነክሮ ይጠብቃል። ግንቡ በፋብሪካው በር ላይ በመስተዋት ውስጥ የተሰቀለ ሌላ ፎቶ ታየው፤ ብቻውን፣ ሜዳሊያ አድርጎ፤ መዛኙ በየማለዳው ጋሪ እየገፋ በሥሩ ሲያልፍ። እንዴት ደስ ይል ነበር! ከዚያ ደግሞ እህቱ ታየችው፤ አልጋዋን አደባባይ ላይ አውጥታ፣ ልጆቿን ፍራሹ ላይ አስቀምጣ።

“አይደለም ጌታዬ። ያዘዘኝ የለም።”

“ታዲያ ማን ላከህ?”

“ባዶ ነበር ጌታዬ።”

“ምኑ ነው ባዶ?”

“የሻምበሉ ቦታ።”

ሻምበሉ ከወንበሩ ብድግ አለ። “ጌታዬ፣ ይህ ሰው ቂመኛ ነው። የቆየ ጉዳይ አለው። እኔ ለቅኝት ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብዬ ነበር እንጂ ከመግቢያው አልራቅሁም።”

“ይቀመጡ፤ እርስዎም ይጠየቃሉ።” ኮሎኔሉ ተናፈጡ። “አንተ፣ ቦታው ባዶ ቢሆንስ? ቦታህን ጥለህ የሌላ ሰው ቦታ ሸፍን ያለህ ማን ነው? በየትኛው የጦር ደንብ?”

“በጦር ደንብ አይደለም፤ በኳስ ነው ጌታዬ።”

ዝምተኛው መኮንን ቀና አለ።

“በምን?”

“በኳስ። እኛ ሁላችን የአንድ ቡድን ነን። ሻምበሉ አምበላችን ነበሩ። ‘እኔ ወደ ፊት ስሄድ አትዩኝ፤ የለቀቅኩትን ዝጉ’ ነው ያስተማሩን። አንዴ ሳልዘጋ ቀርቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ክፍት ቦታ ሳይ እግሬ አያስጠይቀኝም። ያን ቀን ግን ወደ ፊት መሄዳቸውን ወይ ወደ ኋላ፣ እሱን አላየሁም።”

ኮሎኔሉ እንደ መቆጣትም እንደ መሳቅም አላቸው። “ሰው በሞተበት ጉዳይ ኳስ ታወራኛለህ?”

“የሞተውም በኳስ ነው ጌታዬ” አለ ግንቡ። “ወፍጮ ቤቱ ያን ጊዜ በእኔ ምክንያት ሰው ጎደለው። አንድ ሰው መተኮስም ሣጥን መሸከምም አይችልም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የፌንጣ አይደለም። ይህን ለመናገር ነው የመጣሁት።”

የመሐንዲሱ ሻለቃ እጁን ዘረጋ። “እስቲ በጠረጴዛው ላይ አሳየን። ማን የት ነበር?”

ግንቡ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። በሕይወቱ መኮንኖች ጠረጴዛ ላይ እጁን አሳርፎ አያውቅም። የቀለሙን ብልቃጥ አንስቶ ወፍጮ ቤት አደረገው። ማኅተሙን መሐል አስቀምጦ “መግቢያው” አለ። የኮሎኔሉን ክብሪት አስፈቅዶ የጥይት ሣጥን አደረገው። ከጥቁር ሰሌዳው ሥር የጠመኔ ስባሪ አምጥቶ “ይሄ ፌንጣ ነው” አለና ከብልቃጡ ፊት አቆመው። ጠመኔው ወደቀ። መልሶ አቆመው። ክብሪቱንም ከጎኑ፣ ከብልቃጡ ፊት አኖረው።

“ሣጥኑም ፊት ለፊት ነበር?” አለ ሻለቃው።

ግንቡ ክብሪቱን ያያል።

ከመስኮቱ ሥር ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። ሻምበሉ እንደ ምንም ራሱን ይዞ ቆይቶ ነበር። ይህ ሰው ጡቦችን በመጋዘኑ ወለል ላይ ደርድሮ ማን የት መቆም እንዳለበት ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው ነው፤ አንዲት ጡብ በአንድ ስንዝር ከተዛነፈች ቃሉን አቋርጦ መጥቶ በእግሩ ጫፍ ያስተካክላታል። አሁንም ተነስቶ መጣ።

“አይደለም! አይደለም እንጂ!” አለ፤ ክብሪቱንም አንስቶ ከብልቃጡ ኋላ አኖረው። “ሣጥን ጥይት በሚዘንብበት በኩል ምን ይሠራል? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነበር፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር። ፌንጣ ደግሞ እዚህ አይደለም።” ጠመኔውን በሁለት ጣቱ አንሸራተተው። “ዝናሩ አልቆበት በዚህ በኩል ዞረ። ጎንበስ ብሎ የሣጥኑን እጀታ ሲይዝ ነው የመቱት። እዚህ ላይ። አየህ? አሥር እርምጃ።”

ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው፣ ሥራውን አስተካክሎ የጨረሰ ሰው እርካታ ነበር። ከዚያ ክፍሉ ምን ያህል ጸጥ እንዳለ ሰማ።

ኮሎኔሉ መሐረባቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። “ሻለቃ፣ ቦታውን ሄደው አይተውታል። ከካቡ መግቢያ ላይ የወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይታያል?”

“አይታይም ጌታዬ። ካቡም የወፍጮ ቤቱ ግድግዳም ይጋርዱታል።”

“ከየት ነው የሚታየው?”

“ወደ ወንዙ ከሚያወርደው መንገድ ነው። ከመግቢያው ወደ ኋላ ሁለት መቶ እርምጃ ግድም።”

“ሻምበል፣ እንዲያ ሩቅ ቅኝት ላይ ነበሩ?”

ሻምበሉ አፉን ከፈተ። “እኔ... ደጀን ልጠራ...”

“የመስክ ስልኩ እስከ ቀትር ይሠራ እንደነበረ በመዝገብ አለን።” ኮሎኔሉ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። “ከሪፖርቱ ላይ ‘መሣሪያውን ጥሎ ሲሸሽ’ የሚለውን ሰርዝ። ‘ጥይት ሊያመጣ ሲል በቦታው ላይ ሞተ’ ብለህ ጻፍ። ሻምበል፣ ሽጉጥዎን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩ። ጉዳይዎ ወደ ጦር ፍርድ ቤት ይሄዳል።”

ሽጉጡ ከጠመኔው ጎን ተቀመጠ።

“አንተም” አሉ ኮሎኔሉ ግንቡን፤ ድምፃቸው አልለሰለሰም። “ትእዛዝ ጥሰሃል። መግቢያውን አድነሃል፤ እሱን አልክድህም። ሰውየውን ግን ብቻውን ትተኸዋል። ከዛሬ ጀምሮ ተራ ወታደር ነህ። የምትለው አለ?”

“የተጻፈውን ልየው ጌታዬ።”

ጸሐፊው ኮሎኔሉን አየ፤ እሳቸውም በአገጫቸው ፈቀዱ። ግንቡ በወረቀቱ ላይ አጎንብሶ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያስኬደ አነበበ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ማንም አላጣደፈውም። “በቦታው ላይ” የምትለዋ ጋ ሲደርስ ጣቱን አቆመ፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበረ ጫፉ ጠቆረ።

“ልክ ነው” አለ።

ከውጭ ፀሐይ ወጥታ ጭቃው መጠንከር ጀምሯል። በረኛው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ ያርሳል። ግንቡን ሲያይ ክንዱ ላይ የነበሩት ሁለት መስመሮች ተቀደው፣ ክሮቹ ብቻ ተንጠልጥለው አየ።

“ምን አሉ?” ብሎ ከሩቅ ጮኸ።

“ጻፍ!” አለ ግንቡ። “መጣሁ፤ ቃል በቃል እነግርሃለሁ።”

ሦስት እርምጃ እንደሄደ ከኋላው ጠሩት። ሻምበሉ ነው፤ በሁለት ወታደሮች መሐል፣ ቀበቶው ያለ ሽጉጥ ላልቶ። ወታደሮቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ቆሙለት።

“ግንቡ!”

በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም፤ ስሙን ለሌሎቹ ነበር የተወው። ግንቡ ዞረ። ለዘጠኝ ዓመት ጡብ ሲጭን፣ ጡብ ሲያራግፍ፣ ዘብ ሲቆም ያዘጋጃቸው መልሶች ነበሩት፤ ረጃጅምና አጫጭር፣ ጨዋና ባለጌ። ሌሊት ሌሊት ያሻሽላቸው ነበር። አንዱም አልመጣለት።

“ሣጥኑን እዚያ ያስቀመጥከው አንተ ነህ” አለ ሻምበሉ። “በእጅህ። ከጀርባ እንደነበረ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ታዲያ ክብሪቱን ፊት ለፊት አኖርከው።”

ግንቡ በቀለም የጠቆረ ጣቱን አየ።

“ሆን ብለህ ነው? እንደምነሳ አውቀህ ነው? ወይስ ደንግጠህ ተሳሳትክ?” ድምፁ እየወረደ ሄደ። “አሁን ምን ይለውጣል፤ እንዲያው ለማወቅ ነው። ማዘዜ አይደለም። እባክህ ንገረኝ።”

አንደኛው ወታደር የጠመንጃውን ማንገቻ ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። ግንቡ የሻምበሉን ፊት እንደዚህ ቀርቦ፣ እንደዚህ ረጅም ጊዜ አይቶት አያውቅም። ከግራ ዓይኑ በታች ትንሽ ጠባሳ አለችው፤ ምናልባት የኳስ ናት። ሰውየው መልስ ይጠብቃል። ገና ብዙ ሌሊት ሲጠብቀው እንደሚያድር ለግንቡ ታየው።

ግንቡ ፊቱን አዞረና ወደ በረኛው ሄደ።